በድምፅ ብልጫ የታጠረ ሜዳ

ጥቁሮች ከአሜሪካ ቤዝቦል የተገለሉበት ዘመን በአብዛኛው የሚታወሰው በማብቂያው ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሩክሊንን መለያ ለብሶ ዋናው ሊግ በገባበት ዕለት። አጥሩ እንዴት እንደቆመ ግን ብዙም አይጠየቅም። ባለመጠየቁም መገለሉ ማንም ያልወሰነው፣ ከዘመኑ ልማድ ጋር የበቀለ ነገር ይመስላል። የኦሃዮዋ ከተማ የቶሌዶ ታሪክ ግን ሌላ ይላል፦ አጥሩ ሰዎች በስብሰባ የመከሩበት፣ አንድ ጊዜ የወደቀና በሌላ ጊዜ ያለፈ ውሳኔ ነበር፤ የተወሰነውም በታችኞቹ ሊጎች ነው።

በ1883 ቶሌዶ በኖርዝዌስተርን ሊግ የሚጫወተው ቡድኗ ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከርን አሰለፈ። ዎከር የኦሃዮ ተወላጅ፣ በኦበርሊን ኮሌጅና በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቦታው ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ መቀበል ነው፤ የዛሬው ወፍራም ጓንት ባልነበረበት ዘመን ጣት የሚሰብር ሥራ። ውድድሩ ሳይጀመር፣ በማርች ወር፣ የሊጉ ኃላፊዎች እዚያው ቶሌዶ ሲሰበሰቡ የፒዮሪያ ቡድን ተወካይ ጥቁር ተጫዋች እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። ተከራከሩበት፤ ሐሳቡም ወደቀ። ልማዱ አስቀድሞ የጸና ቢሆን ኖሮ እገዳ መጠየቅም ባላስፈለገ ነበር። በኦገስት 10 ደግሞ የቺካጎው ቡድን መሪ ካፕ አንሰን ለወዳጅነት ጨዋታ መጥቶ ዎከር ካለ አልጫወትም አለ። ዎከር እጁን ተጎድቶ ሊያርፍ ታስቦ ነበር፤ የቶሌዶው አሠልጣኝ ቻርሊ ሞርተን ግን ይህን ሲሰማ ሆን ብሎ አስገባው፤ አንሰንንም ካልተጫወትክ ከመግቢያው ገቢ ድርሻህን ታጣለህ አለው። አንሰን ተጫወተ። በእኔ ግምት ከዚህ ቀን የበለጠ ማስረጃ አያሻም፤ ጽኑ የተባለው እምነት በአንድ ከሰዓት የትኬት ገንዘብ ፊት ተንበርክኳል።

በ1884 ቶሌዶ ወደ ዋናው ሊግ ስታድግ ዎከርም አብሮ አደገና 42 ጨዋታ ተጫወተ። የቡድኑ ወርዋሪ ቶኒ ሙላን ከዓመታት በኋላ ዎከር አብረውት ከሠሩ ተቀባዮች ሁሉ የላቀ እንደነበር መስክሯል፤ በዚያው አንደበት ጥቁር በመሆኑ ብቻ ስለ አወራወሩ የሚሰጠውን ምልክት ይቀበል እንዳልነበርም ተናግሯል። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ጁላይ 14 ቀን 1887፣ ዎከር ለኒዋርክ ሲጫወት አንሰን ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ኒዋርክ እንደ ቶሌዶ አልጸናችም። በዚያው ዕለት ኒዋርክ የምትጫወትበት የኢንተርናሽናል ሊግ ኃላፊዎች ከጥቁሮች ጋር አዲስ ውል እንዳይፈረም በ6 ለ4 ድምፅ ወሰኑ።

አንድ ሰው ምን ያረጋግጣል የሚል ይኖራል። በ1879 ለፕሮቪደንስ አንድ ጨዋታ የተጫወተው ዊልያም ኤድዋርድ ኋይት ከዎከር ይቀድማል የሚሉም አሉ። ኋይት ግን እንደ ነጭ የኖረ ሰው ነው፤ ማንነቱ ተገልጦ የተሰደበውና የተዛተበት ዎከር ነው። ከቀዳሚነት ክርክርም ይልቅ የሚያመዝነው አራቱ የተቃውሞ ድምፅ ነው። ሁለት ድምፅ ቢገለበጥ ውጤቱ በተለወጠበት ስብሰባ ላይ ዘመኑን መውቀስ፣ እጃቸውን ያወጡትን ስድስቱን ነፃ ማውጣት ይሆናል። ጥፋቱን ለአንሰን ብቻ መስጠትም እንዲሁ ነው፤ ቶሌዶ እምቢ ባለች ጊዜ አንሰን አቅም አልነበረውም።

ዎከር በ1889 ከሲራኪዩስ ቡድን ከወጣ በኋላ በኢንተርናሽናል ሊግ ሌላ ጥቁር አልታየም፤ እስከ 1946፣ ሮቢንሰን ለሞንትሪያል እስከተሰለፈበት ድረስ። የዛሬው የቶሌዶ ቡድን፣ መድ ሄንስ፣ የሚጫወተው በዚሁ ሊግ ነው። ዎከር በ1924 ሞቶ በስቱበንቪል ተቀበረ፤ መቃብሩ ላይ የስም ድንጋይ የቆመለት በ1990 ነው።