የጠፋ ቀለበትና የመሣሪያው ስም

ጅቡቲ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ልብስ እየታጠበ ነው። ሳሙና ካለሰለሰው ጣት የወርቅ ቀለበት ሾልኮ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ያየ የለም። ከሰዓታት በኋላ የጣቱ ባዶነት ይታወቃል። ሳፋው ይገለበጣል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ ጥራጊው በእጅ ይበጠራል። እዚህም ካልተገኘ ዐይን ሁሉ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰው ይዞራል። በዚህች ከተማ በብዙ ቤት ያ ሰው ከአገሯ ወጥታ ለእንጀራ የመጣች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት። የዛሬውን ቃል እንዳብራራ ያነሣሣኝ ዐይኖቹ የሚዞሩባት ይህች ቅጽበት ናት።

ቃሉ «ሜታል ዲቴክተር» ነው። ረጅም ዘንግ፣ ከሥሩ ክብ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ከላዩ መያዣና ትንሽ መስኮት ያለው፣ ከመሬት በታች የተሸፈነ ብረት ሲያጋጥመው የሚጮኽ መሣሪያ። አብዛኞቻችን የምናውቀው ታናሽ ወንድሙን ነው፤ በሕንፃ መግቢያ ላይ ፈታሹ ደረታችንና ወገባችን ላይ የሚያዞረውን። ሌሎች ደግሞ ፈንጂ አምካኝ ወታደር በእጁ ይዞት አይተዋል። የጠፋ ቀለበት ለመፈለግ ግቢ ውስጥ ሲገባ ግን ሥራውም ስሙም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የፈረንሳይኛው ስም «ዴቴክተር ደ ሜቶ» ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ በይፋ የሚሠራበት ይኸው ነው። ሁለቱ አውሮፓዊ ስሞች የተቀዱት «ጣሪያን ማንሣት፣ መግለጥ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ሌላው የአገሩ ይፋዊ ቋንቋ ዐረብኛም «ካሺፍ አል መዓዲን» ሲል «የማዕድናት ገላጭ» ማለቱ ነው፤ «መዓዲን» የኛው «ማዕድን» ዘመድ ነው። ሁሉም መሣሪያው ራሱ ሽፋኑን ገልጦ የሚያሳይ ያስመስሉታል። የፈረንሳይ ወታደሮች የቀልድ ስም ግን ወደ እውነቱ ይቀርባል፦ «ፑዋል አ ፍሪር» ይሉታል፣ መጥበሻ ማለት ነው። እጀታው ረጅም፣ ሳህኑ ክብ ነውና።

ወደ አማርኛ ስናመጣው ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው የሚፈለገው ነገር ምን ይባል የሚል ነው። «ብረት» ቢባል ቀላል ይሆን ነበር፤ ግን ግቢ ውስጥ ቀለበት የሚፈልግ ሰው በጣም የሚሸሸው ብረትን ነው። ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የዛገ ቆርቆሮ ሁሉ ብረት ናቸው፤ ወርቅና ብር ደግሞ በአፋችን ብረት አይባሉም። በዚያ ላይ «ብረት» ጠመንጃም ነው፤ «ብረት ፍለጋ» ሲባል የጦር መሣሪያ አሰሳ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። «ማዕድን» ያልን እንደሆነ ጨውም፣ ፖታሽም፣ እምነ በረድም ማዕድን ነው፤ መሣሪያው ለእነዚህ አይጮኽም። በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መጻሕፍት ያለው «ብረት አስተኔ» ትክክል ነው፣ ከመማሪያ ክፍል ግን አልወጣም። የሚቀረው «ብረታ ብረት» ነው፤ መዳቡንም፣ አሉሚኒየሙንም፣ ነሐሱንም በአንድነት የሚይዝ፣ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ስም ላይ የለመድነው ቃል። ወርቅን እዚያ ውስጥ መጨመር ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከዚህ ይበልጣል። መሣሪያው ምን ያደርጋል? ይፈልጋል? ይጠቁማል? «ፈላጊ» እና «ጠቋሚ» የሚሉት ስሞች አሁንም በሰው አፍ ይሰማሉ፤ በተለይ «ብረት ጠቋሚ» አጭር ስለሆነ ይወደዳል። እኔ ግን እፈራዋለሁ። በአማርኛ ጠቋሚ ሰው ነው፤ ጥቆማም በሰው ላይ የሚሰጥ ነው። ይህን ስሰማ ሌባ ሻይ ትዝ ይለኛል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ንብረት ሲጠፋ ልጅ መጠጥ ይጠጣ፣ ጭስ ይስብ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቅ ነበር። ደንዝዞ እየሮጠ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፣ ዕዳውን ይከፍላል። «ሻይ» እዚህ ላይ «ሻ» ከሚለው ግሥ የመጣ፣ የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። ስሙ ፈላጊ ነበር፤ ሥራው ግን መጠቆም ሆነ፣ የተጠቆመውም ዕቃው ሳይሆን ሰው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መውጫ አለው። አድራጊውን «ፈላጊ» ብሎ፣ የሚያደርግበትን ዕቃ ደግሞ «መ» ከፊት አስቀድሞ «መፈለጊያ» ይላል። ጠራጊና መጥረጊያ፣ ቆፋሪና መቆፈሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መጥረጊያ ብቻውን ቤት ጠርጎ አያውቅም። ስለዚህ ያቀረብኩት ስም «የብረታ ብረት መፈለጊያ» ነው፤ ነገሩ ሲታወቅ ደግሞ በአጭሩ «መፈለጊያ»። ፈላጊው ሰውዬው ነው። የት እንደሚፈተሽ የሚወስነው፣ የጩኸቱን ትርጉም የሚያነበው፣ ቢሳሳት የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ይህ ልዩነት ከመጀመሪያዎቹ መፈለጊያዎች በአንዱ ላይ ታይቷል። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመታ፤ ጥይቱ ሰውነቱ ውስጥ ቀረ። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በጥምጥም ሽቦ የሚሠራ መፈለጊያ አበጅቶ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ አላገኘውም። የአልጋው ፍራሽ ውስጥ የነበረው የብረት ጥቅልል ድምፁን በጠበጠው። ከዚያ የባሰው ግን ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ አምኖ ስለነበር ፍለጋው በዚያው ወገን ላይ መገደቡ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ። መሣሪያው አልዋሸም፣ ሰው ባላሳለፈበት ቦታ ላይም ሊጮኽ አይችልም ነበር።

ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ሳህኑ ውስጥ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። በሽቦው ውስጥ በሴኮንድ በሺዎች ወይም በአሥር ሺዎች ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኮረንቲ ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩ ወደ መሬት ይገባል። መንገዱ ላይ ቀለበት ካለ በቀለበቱ ገላ ላይ ትንሽ ኮረንቲ መሽከርከር ይጀምራል፣ ያም የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይልካል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ሽቦ ይህን መልስ ይሰማል። መልሱ ከጥሪው ምን ያህል እንደዘገየ ተለክቶ ነው ማሽኑ «ይህ ሚስማር ይመስላል፣ ይህ ብር ይመስላል» የሚለው፤ በመስኮቱ ላይ ቁጥር ያወጣል፣ ድምፁን ያቀጥናል ወይም ያወፍራል። ይህን ክብ ሳህን በኛ ቋንቋ «ምጣድ» ብንለው ደስ ይለኛል፤ የፈረንሳዮቹ መጥበሻ ለኛ ምጣድ ቢሆን ማንም አይስተውም።

ቁጥሩን ግን እንደ ቃለ መሐላ መቀበል አይገባም። ትልቅ የብር ሳንቲም ከፍ ያለና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አሮጌ ግቢ ውስጥ አንድ ቢኖር ከሩቅ ይጮኻል። የወርቅ ቀለበት ግን ትንሽ ስለሆነና ከሌላ ብረት ጋር ስለሚቀላቀል መልሱ ዝቅ ይላል፣ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻ ወይም ከተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ጋር አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። ቆሻሻውን ላለመስማት ማሽኑን ያደነቆረው ሰው ቀለበቱንም አብሮ ያደነቁራል። ቀጭን የአንገት ሰንሰለት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ማሽኑ የሚያየው የሰንሰለቱን አንድ ትንሽ ቀለበት ብቻ፣ ከዚያ ቀጣዩን ብቻ ነውና እንደ አንድ ዕቃ አይመልስም።

ጅቡቲ ከተማ ለመፈለጊያ ከባድ ፈተና ናት፣ ምክንያቱም በአንዲት ከተማ ሦስት ዓይነት መሬት ይዛለች። አሮጌው ከተማ የተመሠረተው ባሕር በገነባው የኮራል ድንጋይ ደልዳላዎች ላይ ነው፤ የጅቡቲ፣ የሴርፓንና የማራቡ ፕላቶዎች በመሬት ሙሌት ተያይዘው አንድ ሆነዋል። ኮራል ኖራ ነው፣ ለምጣዱ ዝም ይላል። በድሮ ስሟ ፕላስ ሜኔሊክ፣ ዛሬ በነጻነት ቀን 27 ጁን በምትጠራው አደባባይ አካባቢ ባለ አሮጌ ግቢ አፈሩ ሳይሆን ሰው የጣለው ነው የሚያስቸግረው። ሁለተኛው ከባሕር ተነጥቆ የተሞላው ዝቅተኛ መሬት ነው። ጨው ደረቅ እያለ ጉዳት የለውም፤ ሲረጥብ ግን ኮረንቲ ያስተላልፋልና ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል። እዚያ ግቢ ውኃ ከተረጨ ወይም ዝናብ ከጣለ ፍለጋውን እስኪደርቅ ማቆየት ይሻላል። ሦስተኛው ባልባላ የሚባለው ሰፈር ነው፦ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በውስጡ ማግኒታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ፤ እያንዳንዱ ጠጠር ራሱን እንደ ዕቃ ያስጠራል። በአምቡሊ ሸለቆ ጎርፍ ያመጣው አፈርም ከዚያው ጥቁር ድንጋይ የተፈጨ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው የማሽኑ አሠራር በእንግሊዝኛ «ግራውንድ ባላንስ» ይባላል። እኔ «አፈር ማላመድ» እለዋለሁ። ንጹሕ በሆነ ቦታ ላይ ምጣዱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የአፈሩን ድምፅ ማስተማር ነው፤ ማሽኑ ያንን መልስ እንደ ዝምታ እንዲቆጥር። ባልባላ ላይ ይህ በየጥቂት ሜትሩ መደገም አለበት። ከዚህ ሌላ ኮረንቲውን በአጭር ምት ልኮ፣ ዝም ብሎ የመልሱን ማስተጋባት የሚያዳምጥ ዓይነት መፈለጊያ አለ፤ የጥቁር ድንጋዩን ጩኸት በደንብ ይችለዋል፣ ግን ሚስማርን ከወርቅ መለየት ብዙም አይሆንለትም። ብዙ ሚስማር ባለበት ግቢ ይህ ማለት ብዙ መቆፈር ነው።

የግቢው ፍለጋ ራሱ ረጋ ያለ ሥራ ነው። ቀለበቱ ጠፋ በተባለ ቀን ግቢውን አትጥረጉ፣ ውኃም አትድፉበት፤ መጥረጊያ ቀለበቱን ገፍቶ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ይሸኘዋል። የተጠረገ ካለ ጥራጊው ይጠበቅ፣ እሱም በመፈለጊያው ይታያል። ከዚያ ባለቤቷን «መጨረሻ ጣትሽ ላይ ያየሽው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የሁለት ደቂቃ ጥያቄ የሁለት ሰዓት ፍለጋ ያድናል። ጥንዶች ከሆኑ የባልየውን ቀለበት ተበድሮ፣ በክር አስሮ፣ መሬት ላይ አስቀምጦ ምጣዱን በላዩ ማሳለፍ ጥሩ ዘዴ ነው። ያቺው ድምፅ፣ ያው ቁጥር ነው ቀኑን ሙሉ የሚፈለገው። ክሩን አይርሱ፣ ሁለተኛ ቀለበት ፍለጋ እንዳይመጣ።

መሬቱ በሲባጎ በቀጫጭን መደብ ይከፈላል፤ ምጣዱ መሬቱን ሊነካ እስኪል ዝቅ ብሎ፣ ሳይዘነበል፣ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። አንድ ጊዜ ከቤት ወደ በር፣ ሁለተኛ ከግራ ወደ ቀኝ። ትናንት የወደቀ ቀለበት ጥልቅ አይደለም፤ ጥሩ መሬት ላይ ሳንቲም የሚያህል ዕቃ እስከ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር የሚሰማ ማሽን ለላዩ አቧራ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው የጅቡቲ ግቢ አጥር ነው፦ ካርቲየ በሚባሉት ሰፈሮችም በባልባላም ብዙው ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው አንድ ሜትር ያህል ውስጥ ምጣዱ ሌላ ነገር አይሰማም፤ ያንን ዳርቻ በእጅና በወንፊት መፈተሽ ነው። ሥራው ማለዳ ይጀመር፤ በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንባት ከተማ ከረፋዱ በኋላ ሰውም ትዕግሥትም አይቆይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም። መፈለጊያውን ለግቢ የገዛ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ታጁራና ኦቦክ ገጠር ይዞት እንዳይሄድ። ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት እዚያ ፈንጂ ተቀብሯል። ወደ አገር ቤት ሲመለስም አሮጌ ሳንቲም ወይም ጌጥ ከመሬት ያወጣ ሰው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማስታወቅ እንዳለበት ይወቅ፤ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ግቢ እንመለስ። መፈለጊያው መጣ፣ መደቡ ሁሉ ታየ፣ አሥራ ሁለት ቆርኪና አንድ እፍኝ ሚስማር ወጣ፤ ቀለበቱ አልወጣም እንበል። «ማሽኑ የለም አለ፣ እንግዲህ ተወስዷል» የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ ይሰማ ይሆናል። «ጠቋሚ» ብለን ብንሰይመው ኖሮ ይህ አባባል ልክ ይመስል ነበር፤ ጠቋሚው ዕቃውን ካልጠቆመ ሰው ጠቆመ ማለት ነዋ። መፈለጊያ ግን የለም ሊል አይችልም፣ አልሰማሁም ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ከቆርቆሮው ሥር ያለውን አልሰማም፤ የባልባላ ጥቁር ጠጠር የሸፈነውን ቀጭን ሰንሰለት አልሰማም፤ በሳሙና ውኃ ታጥቦ የማጠቢያው ቦይ ውስጥ የገባውን፣ ምጣዱ ያልደረሰበትን አልሰማም። ስለዚህ ፈላጊው ለባለቤቷ የሚነግራት ያየውን መደብና ያላየውን ዳርቻ ለይቶ ነው፤ ሠራተኛዋም እዚያው ቆማ ትስማ። በማግስቱ ጠዋት ወንፊትና ትንሽ አካፋ ይዞ ከቦዩ ይጀምራል።