ማን ማንን ማረከ? የድመትና የሰው ቁርኝት ታሪክ

«ውሻ ሰውን ይወዳል፣ ድመት ግን የምትወደው ቤቱን ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ይህን አምኖ ቤት ሲቀይር ድመቱን እዚያው ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ። «እሷ እንደሆነ አይጥ ካገኘች በቃት፤ እኔን ምን ታደርገኛለች?» ይላል። እውነት ግን እንደዚያ ነው? ለተተወችው ድመት ጥያቄው ቀላል አይደለም። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

ጎንደር ውስጥ ማራኪ የሚባል ሰፈር አለ። «ማራኪ» ስንል ልብ የሚስብ፣ ደስ የሚል ማለታችን ነው፤ የቃሉ ሥር ግን «ማረከ» ነው፣ ምርኮኛ አድርጎ ያዘ። በሬን፣ በግን፣ አህያን የማረክናቸው እኛ ሰዎች ነን። ድመትን ግን ማን ማረካት? ወይስ ማራኪዋ እሷ ናት?

በእህል የመጣች እንግዳ

ነገሩ የሚጀምረው ከእህል ነው። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች እህል እየዘሩ ማከማቸት ጀመሩ። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበት ደግሞ አይጥ አዳኝ ይመጣል። ጎታና ጎተራ ባለበት ቤት ያደጋችሁ ይህን ለማሰብ አትቸገሩም።

ልብ በሉ፤ በሬን ለእርሻ፣ ላምን ለወተት ብለን አስረንና አጥረን፣ ጥሩ ጥሩውን እየመረጥን ነው ያረባናቸው። ድመትን ግን ና ብሎ የጠራትም፣ ያሰራትም የለም። ሰውን እምብዛም የማትፈራዋ ወደ መንደር ጠጋ አለች፤ በላች፣ ወለደች። ፈሪዋ ዱር ቀረች። ሰውም አይጡን ስላጠፋችለት ዝም አላት። ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች ድመት ራሷን በራሷ አለመደች የሚሉት።

ግንኙነቱ ከጥቅም አልፎ ወዳጅነት የሆነው መች ነው? እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከቆጵሮስ ደሴት አንድ ማስረጃ ይፋ አደረጉ። ሺሉሮካምቦስ በተባለ ጥንታዊ መንደር፣ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው መቃብር ተገኘ፤ ከአጽሙ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቃ አንዲት ድመት ተቀብራለች። ቆጵሮስ ላይ በተፈጥሮ ድመት አልነበረም። እንግዲህ ባሕር አቋርጦ በጀልባ የወሰዳት ሰው አለ ማለት ነው።

ግብፅ ውስጥ ደግሞ ፍቅሩ በድንጋይ ተቀረጸ። ከ3,300 ዓመት በፊት የፈርዖን አመንሆቴፕ 3ኛ ልጅ የነበረው ልዑል ቱትሞስ፣ ለሞተችበት ድመቱ ከኖራ ድንጋይ የሬሳ ሣጥን አሠራላት። ከብዙ ዘመን በኋላ ግብፅን ያየው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም፣ ድመት ሲሞት የቤቱ ሰው ሁሉ ቅንድቡን ይላጭ እንደነበር ጽፏል።

ጎንደር የገባው ጀርመናዊ

የድመት ቅድመ አያት ማን ናት ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈለግ፣ የጎንደርን ደጅ የረገጠ አንድ ሰው ስሙ ይነሣል፤ ኤድዋርድ ሩፔል። ይህ የፍራንክፈርት ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1832 እና 1833 ጎንደር ተቀምጧል። ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1820ዎቹ፣ ከኑብያ (ከዛሬዋ ሱዳን) አንዲት የዱር ድመት ይዞ ተመልሶ ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት «የቤት ድመት እናት ይቺ ሳትሆን አትቀርም» አሉ።

ግምታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የ979 የቤትና የዱር ድመቶችን ዲ.ኤን.ኤ. ሲያነጻጽሩ፣ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ዘር የሚመዘዘው ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ሆኖ ተገኘ። ይቺ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ትኖራለች። ብታዩዋት እግሯ ረዘም ያለ የጎረቤት ድመት ትመስላችኋለች። ለብቻዋ ታድናለች፣ ለብቻዋ ትኖራለች። እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው፤ ብቸኛ እንስሳ እንዴት ከሰው ጋር ትቆራኛለች?

ድመቷን ማን ጠየቃት?

እስካሁን ያየነው ሁሉ ሰው ድመትን እንደወደደ ነው። የድመቷን ልብ ለመመርመር መንገዱ የተጠረገው፣ የሚገርማችሁ፣ ዑጋንዳ ውስጥ ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር እንዴት እንደሚቆራኙ ስትከታተል ቆየች። በኋላም አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈተና አዘጋጀች። እናትና ልጅ እንግዳ ክፍል ይገባሉ፤ እናት ትወጣለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ዋናው ነገር ልጁ ማልቀሱ አይደለም፤ እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነው። ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ፣ እናቱ መተማመኛው ናት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተና ለድመት ግልገሎች አሳጥረው ሰጡ፤ 2 ደቂቃ ከባለቤት ጋር፣ 2 ደቂቃ ለብቻ፣ 2 ደቂቃ እንደገና አብሮ። ከ70 ግልገሎች ከመቶ 64 ያህሉ ባለቤታቸው ሲመለስ ተረጋጉና ክፍሉን ማሰስ ቀጠሉ። በሰው ልጆች ላይ የሚታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቀሩት ወይ ሙጭጭ አሉ፣ ወይ ሸሹ።

ሁሉም ተመራማሪ ግን በዚህ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ በ20 ድመቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ድመቶች ሰውን እንደ መተማመኛ ለመቁጠራቸው በቂ ምልክት አላገኘም። የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ በ2013 ድመቶች የባለቤታቸውን ድምፅ ከማያውቁት ሰው ድምፅ እንደሚለዩ አሳዩ። ጆሯቸውን ያዞራሉ፣ ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ተነሥተው ግን አይመጡም! እናንተም «ውሮ! ውሮ!» ብላችሁ ዝም ስትላችሁ፣ አልሰማችም አትበሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር አለ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዲሉ፣ ድመት ዛሬም አዳኝ ናት፤ እንደ ውሻ በቡድን የኖረ ዘር የላትም። ስለዚህ ፍቅሯን ሳትጮህ ነው የምትገልጸው። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ስትመጣ ሰላምታ ነው። ትልልቅ ድመቶች እርስ በርስ ብዙ አይጯጯሁም፤ ግልገል እናቱን የሚጠራበትን ድምፅ አድገውም የሚያሰሙት በአብዛኛው ለእኛ ነው። ለእናት የነበረው ቁርኝት ወደ ሰው የተሸጋገረ ይመስላል።

ይህ ሽግግር ጊዜ አለው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እንዳሳዩት፣ ግልገል ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። በዚያ ጊዜ በየቀኑ በእርጋታ የተያዘ ግልገል ሰው ወዳጅ ይሆናል፤ ሰው ሳይነካው ያለፈው ግን ብዙውን ጊዜ ሲሸሽ ይኖራል። «ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም» የምንላት ድመት፣ ምናልባት በዚያ ዕድሜዋ ማንም ያልቀረባት ናት።

ሰፈራችሁ ድመት ወልዳ እንደሆነ፣ ግልገሎቹን ከእናታቸው ሳትለዩ ቀስ ብላችሁ አላምዷቸው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለች። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

እንግዲህ ማን ማንን ማረከ? የመጀመሪያዋ ድመት የመጣችው ለአይጡ ነበር። ዛሬ ግን በሩ ሲንኳኳ ጆሮዋን ቀና የምታደርገው አይጥ መጣ ብላ አይደለም። ቤት ስትቀይሩ ይዛችኋት ሂዱ።