ጳጳሱ ለምን ከወራሪው ጎን ቆሙ?

በአሜሪካ አብዮት ዘመን ብዙ የአንግሊካን ካህናት ለእንግሊዝ ንጉሥ የታመኑት ሲሾሙ በፈጸሙት መሐላ ታስረው ነበር። የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ግን በሹመታቸው ለሮም የገቡት ቃል አልነበረም። በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው ሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ፤ አቡነ አብርሃም ኅዳር 1930 ዓ.ም. በጣሊያኖች ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

በመካከሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፍጭፈዋልና ፍርሃትን ከምክንያቶቹ ማውጣት ያዳግታል። ይሁንና የጣሊያን ማባበያ ባዶ አልነበረም፤ ኢትዮጵያውያን ከእስክንድርያ ለረጅም ጊዜ የጠየቁትን፣ በአገራቸው ልጅ የመመራትን ዕድል የያዘ ነበር። እስክንድርያ ሹመቱን አወገዘች። ጥያቄው በስምምነት የተመለሰው አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ነው።