የካርታ ፋብሪካው ጥገና ሠራተኛ

በማሽን ዓለም «አሮጌ» ማለት ስድብ ነው። የቪዲዮ ጌም መሣሪያ አምራቾች ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ እሽቅድምድም ነው፤ ማን ፈጣኑን አወጣ፣ ማን ቀለሙን አሳመረ እየተባለ። ከዚህ እሽቅድምድም ወጣ ብሎ፣ አሮጌውን ይዞ የደፈረ አንድ ጃፓናዊ ነበር። ስሙ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የተቋቋመው የመጫወቻ ካርታ ለማምረት ነበር። ዮኮይ በ1965 ሲቀጠርም ሥራው የካርታ ማምረቻ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝለት እየተዘረጋና እየታጠፈ ዕቃ የሚይዝ የመጫወቻ ክንድ ሠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ይህን አዩ። ይቆጡታል ሲባል ለገበያ የሚሆን አድርጎ እንዲሠራው አዘዙት። በ1966 የወጣው ይህ መጫወቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጠጋኙም ፈልሳፊ ሆነ።

ያማውቺ ደፋር ነበሩ። ታክሲውንም፣ ቶሎ የሚደርሰውን ሩዝም ሞክረው ትተዋል። የዮኮይ ድፍረት ግን ሌላ ዓይነት ነበር። የጠወለገ ቴክኖሎጂን በሌላ ጎኑ ማየት ይገባል ይል ነበር። የጠወለገ ማለቱ ዋጋው የረከሰ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ብልሽቱ የተለመደ ማለቱ ነው። ጥበቡ ያንን ዕቃ ማንም ላላሰበው ጉዳይ ማዋሉ ላይ ነው። እንደሚተረከው፣ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የሒሳብ ማሽን ቁልፎችን እየነካካ ሲጫወት አየ። የሒሳብ ማሽን ስክሪን በዚያን ጊዜ ረክሷል። በ1980 የወጣው፣ በኪስ የሚያዘው «ጌም ኤንድ ዎች» የተወለደው ከዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና በ1989 መጣ። ኒንቴንዶ በዚያ ዓመት ያወጣው «ጌም ቦይ» ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ ብርሃንም አልነበረውም። አታሪ በዚያው ዓመት «ሊንክስ»ን፣ ሴጋ ደግሞ በ1990 «ጌም ጊር»ን ባለቀለም አድርገው አቀረቡ። ዓይን የሚስቡት የእነሱ ነበሩ። ነገር ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ ጎርሰው በጥቂት ሰዓት ይጨርሱታል። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውታል። ልጅ የሚጫወተው በወላጁ ኪስ ነውና ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ከባለቀለሙ ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ያው ሐሳብ ግን በ1995 ባለቤቱን ጣለው። «ቨርቹዋል ቦይ» የተባለው መሣሪያ ጥልቀት ያለው ምስል ያሳያል ተብሎ ወጣ። ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ ናቸው ተብለው ቀይ መብራቶች ስለተመረጡ፣ የሚታየው ሁሉ ቀይና ጥቁር ሆነ። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ይደቅናል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምንም አያይም። 1 ሚሊዮን እንኳ ሳይሸጥ፣ ዓመት ሳይሞላው ምርቱ ቆመ።

ጥፋቱ ከርካሽነቱ አይመስለኝም፤ ጌም ቦይም ርካሽ ነበር። ጌም ቦይ ግን ሰውየው ባለበት፣ ባቡርም ውስጥ አልጋም ላይ፣ አብሮት ይሄዳል። ቨርቹዋል ቦይ ሰውየው ወደ እሱ መጥቶ እንዲያጎነብስለት ጠየቀ። ያ በባቡር ውስጥ የሰለቸው መንገደኛ በዚህኛው ዕቃ ተረስቷል።

ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቀቀ። ውድቀቱ አስወጣው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ እሱ ግን አስቀድሞ ያሰበበት መሆኑን ተናግሯል። የራሱን ድርጅት አቋቁሞ፣ ለባንዳይ ኩባንያ «ዋንደርስዋን» የተባለውን በእጅ የሚያዝ ጌም በማሰናዳት ላይ ሳለ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በመኪና አደጋ ሞተ። 56 ዓመቱ ነበር።

መሣሪያው በ1999 ለገበያ ቀረበ። ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም። የሚፈልገውም አንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር።