የአስዩት እጓለ ማውታ ቤት

በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋምን በዓል የምናከብር ሁላችን፥ እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ከሄሮድስ ፊት ሸሽታ ያረፈችበትን ተራራ በስሙ እናውቀዋለን። ተራራው በየትኛው አገር ይገኛል ተብለን ብንጠየቅ ግን ፈጥነን የምንመልስ ጥቂቶች ነን። ደብረ ቁስቋም በላይኛው ግብጽ በአስዩት አውራጃ ነው። በግርጌው ያለው የሙሐረቅ ገዳም የሐበሻ መነኮሳት በየዘመኑ የተቀመጡበት ነው፤ እቴጌ ምንትዋብም በጎንደር ያሠሩትን ደብር ቁስቋም ብለው የሰየሙት በዚሁ ተራራ ስም ነው። እንግዲህ ስደተኛው ሕፃን ባረፈበት አውራጃ፥ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ሴት እናት የሌላቸውን ሕፃናት እንዴት እንዳሳደገች ብጽፍ ነገሩ ለአንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም ብዬ አሰብሁ። የዘመኑን ቍጥር በአውሮፓውያን አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

ሊሊያን ትራሸር በ1887 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ ተወለደች። በወጣትነትዋ በሰሜን ካሮላይና በነበረ አንድ የድኻ አደጎች ቤት አገልግላ፥ ሕፃን ማጠብን፥ ልብስ መጣፍን፥ በጥቂት ዱቄት ለብዙ አፍ እንጀራ ማብቃትን በዚያ ተማረች። ከዚህ በኋላ ለአንድ ሰባኪ ታጭታ ሳለች፥ ሠርግዋ 10 ቀን ሲቀረው ወደ አፍሪካ እሄዳለሁ ብላ እጮኝነቱን አፈረሰች። በ1910 ከእኅትዋ ጋር በመርከብ ተሳፍራ እስክንድርያ ስትወርድ ዕድሜዋ 23 ዓመት ነበረ። ደመወዝ የሚቈርጥላት ማኅበር ከኋላዋ አልነበረም፤ የአገሩን ቋንቋም አታውቅም። በአስዩት ወዳለ አንድ የሚሲዮን ቤት ገብታ ዐረብኛ መማር ጀመረች።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ፥ በ1911 መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው መጥቶ፥ አንዲት ሴት ልትሞት ነውና ድረሱላት ብሎ ጠራ። ሊሊያን ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄደች። ሴቲቱ በወለሉ ላይ ተጋድማ ታጣጥራለች፤ ከአጠገብዋም የሦስት ወር ያህል ሴት ሕፃን ከቆርቆሮ ጣሳ ወተት ለመጥባት ትታገላለች። ወተቱ ከመቈየቱ የተነሣ አረንጓዴ መስሎ እንደ ልፋጭ ይሳብ ነበረ። እናቲቱ ሞተች፤ ሕፃንዋንም የሚቀበላት ሌላ ሰው ስላልነበረ ሊሊያን ታቅፋት ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በሚሲዮኑ ቤት እንቅልፍ ጠፋ። ሕፃንዋ የራባት፥ የቈሸሸች፥ የታመመችም ነበረችና ሌሊቱን ሁሉ ታለቅሳለች። ቀኖች ባለፉ ጊዜ የቤቱ ሰዎች ታክቷቸው፥ ልጅቱን ወደ መጣችበት መልሻት አሏት። በእነዚህ ሰዎች ለመፍረድ አልቸኵልም፤ ሌት የማያስተኛ ሕፃን ባለበት ቤት ያደረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ነገር ግን ወዴት ትመልሳት? የምትመለስላት እናት በመቃብር ናት። ስለዚህ ሊሊያን በእጅዋ በቀረው ጥቂት ገንዘብ በወር 12 ዶላር ተኩል የሚከፈልበት ቤት ተከራየች። ቤቱ የተከፈተበት ቀን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1911 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 3 ቀን 1903 መሆኑ ነው። ታላቅ ሕንጻ፥ የተጻፈ ደንብ፥ የተሰበሰበ መዋጮ አልነበረም፤ የነበረው አንዲት ልቅሶኛ ሕፃንና የ23 ዓመት ሴት ብቻ ነው።

የአገሩ ሰው በመጀመሪያ ጠረጠራት። የፈረንጅ ሴት የሰውን ልጅ በከንቱ አታሳድግም፥ ይልቁንም ወደ አገርዋ ወስዳ ባሪያ ልታደርገው ይሆናል ተባለ። እርስዋ ግን በአህያ ተቀምጣ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረች፥ ለልጆቼ የሚበላ ስጡኝ ብላ ትለምን ጀመረ። መጀመሪያ ከተቀበለችው ስጦታ አንዱ 35 ሳንቲም የሚያህል ሲሆን፥ ሰጪውም ቴሌግራም የሚያደርስ ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። ገበሬዎቹም ከእህላቸው ይሰፍሩላት ነበረ፤ ሲመሽባት በቤታቸው ታድራለች። እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። አኮፋዳ አንግበን፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን በየደጁ የቆምን፥ በውሻ የተነከስን፥ በአንድ ቍራሽ የተመረቅንና የመረቅን ሁሉ ይህችን ሴት ከማንም ይልቅ እናውቃታለን። ልዩነቱ እኛ ለራሳችን ሆድና ለትምህርታችን ስንለምን፥ እርስዋ ለሌላ ሰው ልጆች መለመንዋ ነው። ልመናን የቀመሰ ሰው ከዚህ ቀደም ያልታየውን የእህል ዋጋ ያያል።

የቤቱም የዕለት ኑሮ እንዲህ ነበረ። ማለዳ ሕፃናቱ ይታጠባሉ፤ ዐይናቸው ይታያል፤ በግብጽ ያን ጊዜ የዐይን ሕመም እጅግ ብዙ ነበረና። አዲስ የመጣ ልጅ ከሆነ ጠጕሩ ተላጭቶ ቅማሉ ይለቀማል፤ ጨርቁ ተጥሎ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ምግባቸው ዳቦ፥ ባቄላና ምስር ነው፤ ስለዚህ የዓመቱን ስንዴ በጊዜው መግዛት ከሁሉ የሚበልጥ የቤቱ ጭንቀት ነበረ። ትልልቆቹ ልጃገረዶች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ሕፃን ይሰጣቸውና እንደ ታናሽ እኅት ያሳድጉታል። ይህ ሥርዓት ከገንዘብ ማጣት የመጣ ቢሆንም፥ እኔ ግን ከቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይህነን አብልጬ አደንቃለሁ፤ ብዙ ሕፃን ለአንዲት ሞግዚት ቢሰጥ ይጠግባል እንጂ ማንም በስሙ አይጠራውምና። ፊደልና ቍጥር ይማራሉ፤ ወንዶቹ አናጢነትንና ወንበር መሥራትን፥ ሴቶቹ ስፌትንና የቤት ሥራን ይለምዳሉ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ተቀብላ በወጥ ቤትና በልብስ አጠባ አሠማራቻቸው። ከውጭ አገር የመጡት ረዳቶች ሁልጊዜ ጥቂቶች ነበሩ፤ የቤቱን ሸክም የተሸከሙት በዚያው ያደጉት ናቸው። ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ሊሊያን ቍጭ ብላ በአሜሪካ ላሉ ሰጪዎች ደብዳቤ ትጽፋለች።

ልጆቹ ወደ 50 በደረሱ ጊዜ የከተማው ቤት ጠበበ። ስለዚህ ከአባይ ማዶ በምሥራቁ ዳርቻ መሬት ተገኝቶ፥ ልጆቹ ራሳቸው ጡብ እየሠሩ ቤቱ ተሠራ። በ1923 በዚያ የነበሩት እጓለ ማውታና መበለቶች 300 ያህል ሆኑ።

ያ የጡብ ነገር አንድ ጊዜ ለሌላ ጕዳይ ጠቀመ። በ1919 ግብጻውያን በእንግሊዞች ላይ በተነሡ ጊዜ፥ ከአስዩት በስተ ሰሜን በደይሩጥ መንገድ 8 እንግሊዛውያን በባቡር ውስጥ ተገደሉ፤ በአስዩትም ተኵስ ሆነ። ያን ጊዜ ሊሊያን ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ በአሮጌ የጡብ መተኰሻ እቶን ውስጥ ሸሸገቻቸው። የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ያነበበ ሰው እቶን መሸሸጊያ ሆነ ሲባል መገረሙ አይቀርም።

የባሰው ፈተና ግን በጥይት አልመጣም። በ1933 በፖርት ሰዒድ በሌላ የሚሲዮን ቤት የምታድግ አንዲት የ15 ዓመት እስላም ልጅ በቤቱ ሹም ተደበደበች፤ ልጅቱም ሃይማኖቴን ለውጪ ብለው ነው የመቱኝ አለች። ወሬው በጋዜጣ ሁሉ ሞላ፤ አገር ታወከ። መንግሥትም እስላም ልጆችን ከሚሲዮን ቤቶች አውጡ ብሎ አዘዘ፤ ከአስዩቱም ቤት ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት ተወሰዱ። ጥፋቱ የተሠራው በሌላ ከተማ ነው፤ ልቅሶው ግን በአስዩት ሆነ። እነዚያ ልጆች ከእኅቶቻቸውና ከአሳዳጊያቸው ሲለዩ የጠየቃቸው አልነበረም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ልጁን በዱላ ያስተማረ እጅ የሃይማኖት እጅ አይደለም፥ ሕዝቡም በከንቱ አልተቈጣም። ከዚያ ወዲህ ነው ግብጻውያን ራሳቸው ለድኻ አደጎቻቸው መጠጊያ ለማቋቋም አጥብቀው የተነሡት።

በእኛም በኩል የሚነሣ ጥያቄ አለ። በአስዩት ቤት ካደጉት የሚበዙት የቅብጥ ልጆች ናቸው፤ ከአባ ሰላማ ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጳጳሳትን ትልክልን የነበረችው የእናታችን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች። ሊሊያን ከጰንጠቆስጤ ማኅበር ነበረችና ያስተማረቻቸውም በዚያው መንገድ ነው። አንድ አባት ይህን በሰማ ጊዜ ቢያዝን አልነቅፈውም፤ እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን ያን የቆርቆሮ ጣሳ ባሰብሁ ጊዜ ንግግሬ ይታጠፋል። በ1881 በግብጽ የቅብጥ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተመሥርቶ ነበረ፤ በአስዩትም ባለጠጎች የቅብጥ ቤተ ሰቦች ነበሩ፥ ለዚህችም ቤት የሰጡ ከእነርሱ አሉ። ያችን ሕፃን ግን በዚያች ሌሊት ያነሣት ሌላ ሰው አልተገኘም። የቀረነው እኛ ሆነን ሳለ የደረሰችውን ለምን ደረስሽ ብለን እንጠይቃት ዘንድ አፍ የለንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨርቅና እህል ተወደደ፤ ልጆቹም ሊራቈቱ ሆነ። በ1941 ግሪክ በጀርመኖች እጅ በወደቀች ጊዜ፥ ለግሪክ ተጭኖ የነበረ የቀይ መስቀል ልብስና ምግብ መርከቡ ወደ እስክንድርያ ስለ ዞረ ለዚህች ቤት ተሰጠ። የግሪክ ልጆች የተቀደደ ሲለብሱ የግብጽ ልጆች መልበሳቸውን ሊሊያን ሳታስበው የቀረች አይመስለኝም።

በዲሴምበር 17 ቀን 1961 በ74 ዓመትዋ አረፈች። ያን ጊዜ በቤቱ ያሉት ነፍሳት ከሺህ በላይ ነበሩ። ሲጠሩዋት ማማ ሊሊያን ይሉዋት ነበረ፤ የግብጽ ሰዎችም የአባይ እናት ብለዋታል። ለሠርግዋ 10 ቀን ሲቀራት እጮኝነቱን ያፈረሰችው ሴት በዚያው በአስዩት ተቀበረች፤ ቤቱም እስከ ዛሬ በስምዋ ይጠራል፥ ሕፃናትም ያድጉበታል።