ሕጽበተ እግር
ሕጽበተ እግር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ የሚፈጸም ሥርዓት ነው። መሠረቱ ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡ ነው (ዮሐ. 13፥1-17)።

አፈጻጸም፦ ጸሎት በደረሰበት ውኃ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ የወይራና የወይን ቅጠልም ይጠቀማል። በዕለቱ በየቤቱ ጉልባን ይበላል።

ትርጉም፦ በገጠሩ ልማድ ከእርሻ የተመለሰውን አባወራም ሆነ መንገድ ያደከመውን እንግዳ እግር የሚያጥበው የቤቱ ታናሽ ነው። በሕጽበተ እግር ግን ታላቁ ለታናሹ ይንበረከካል። በክርስትና እውነተኛ ታላቅነት አገልጋይነት መሆኑን (ማር. 10፥42-45) ሥርዓቱ በተግባር ያስተምራል፤ ክህነትም ሹመት ከመሆኑ በፊት አገልግሎት መሆኑን ለካህኑ በየዓመቱ ያሳስባል።