ከአምቡሊ ጨው እስከ አዊ አሲድ፦ አፈርና የሰብል አመራረት በጅቡቲ መስመር

በኢትዮጵያ ማሳዎች ላይ የሚበተነው የአፈር ማዳበሪያ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ በመርከብ መጥቶ ይራገፋል፤ በከረጢት ተሞልቶ ወደ ደጋ ይጫናል። ወደቡን የያዘችው ከተማ ራሷ ግን የሚታረስ መሬት የላትም ማለት ይቻላል፤ አትክልትና ፍራፍሬ የሚጫንላት ከኢትዮጵያ ነው። ምክንያቱን ለዝናብ እጥረት ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ከዝናቡ መጠን እኩል የሚወስነው፣ ውሃው አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ወደ ላይ ሲሳብ ጨው ትቶ ይተናል፤ ወደ ታች ሲሰርግ ለም ንጥረ ነገሮችን አጥቦ ይወርዳል። የጅቡቲ መስመር ሁለቱንም ያሳየናል።

በጅቡቲ ከተማ ለእርሻ የሚሆን አፈር ከተባለ የሚጠራው የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳርቻ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲቆረቁሩ ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ የአምቡሊ የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ የአትክልት ቦታዎቹም በዚያው ውሃ ለሙ። አፈሩ እዚያው የተፈጠረ አይደለም። ዙሪያው ባዛልት ነው፤ ደለሉን ተሸክሞ ያመጣው ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ያው ጎርፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ወደ 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፀሐዩ ሊያተንን የሚችለው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ገበሬው በጉድጓድ ውሃ ያጠጣል። ጉድጓዱ ባሕር ዳር እንደመሆኑ አብዝተው በሳቡት ቁጥር የባሕሩ ጨው ወደ ውስጥ ይገባል። በእንዲህ ያለ ውሃ የጠጣ መደብ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ነጭ ልጥፍ ይወጣል፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ሲቀመስ ጨው ነው። ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ውሃ ይጠማዋል፤ የቅጠሉ ጫፍ እንደተለበለበ ይደርቃል። ሽንኩርትና ባቄላ ቶሎ ይሸነፋሉ፣ ቲማቲም ጥቂት ይታገሣል፣ ተምር ይችለዋል። የበረሃ ገበሬዎች ተምርን ከላይ፣ ሎሚን ከሥሩ፣ አትክልትን ከሁሉም በታች አድርገው የሚተክሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥላው ትነትን ይቀንሳል፣ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ያለብሰዋል። ይህን ዕውቀት ከማንኛውም ዘመናዊ የግብርና ጥቅል አሳንሼ አላየውም።

ጨው ግን የባሕር ዳር ችግር ብቻ አይደለም። በዚሁ መስመር በአዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ የጥጥ ማሳዎች በመስኖ ለምተው በጨው ተበላሽተዋል። ውሃው ገባ፤ በቂ ማንጣፈፊያ ግን ስላልነበረ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ሥር ቀረበ፣ ጨውም ተከትሎት ወጣ።

ደጋው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በአዊና በጎጃም፣ ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየምን አጥቦ ወስዷል። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲድ እንደተጠቃ ይገመታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ይይዛል። ኤንፒኤስ ውስጥ 38 በመቶው በፎስፌት መልክ የሚቆጠር ነው። ገበሬው ተበድሮ ከገዛው ከዚህ ፎስፌት ብዙው እርሻው ውስጥ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው፤ ገብሱ ይቀጭጫል፣ ዕዳው ግን አይቀርለትም። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬዎች መልሱን በራሳቸው ፈልገዋል፦ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍን ዲከረንስ ከተባለው የግራር ዓይነት ችግኝ ጋር ይዘራሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፣ ያረፈውንም መሬት መልሰው ያርሱታል።

ማዳበሪያ የአፈሩን ጉድለት ይሞላ ይሆናል እንጂ አፈርን አይተካም። ስለዚህ ግዢ የሚያቅዱ ባለሙያዎችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከረጢቱ ከጅቡቲ ከመነሣቱ በፊት የሚደርስበት ማሳ አፈር ይመርመር፤ አሲዳማ ከሆነ ኖራው ማዳበሪያውን ቀድሞ ይድረስ። ኖራ ለአንድ ሄክታር የሚፈለገው በኩንታል ሳይሆን በቶን ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፣ በዓባይ ሸለቆ፣ ደጀን አጠገብ፣ በብዛት አለ።